የመረጥህልኝ ብስክሌት

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለእንየው። እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከነቀልዴ ደህና ነኝ።

የመረጥህልኝ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በየቀኑ አርብ ገበያ ከተማ ካለው ሥራዬ ያመላልሰኛል። ዳገቱን ፔዳል ሳልረግጥ ስወጣ ያዩ ሰዎች «ሰይጣን ይገፋዋል» ሲሉኝ፣ «ዘመዳችሁ ነው» እላቸዋለሁ።

እናትህ «በእርጅናዬ መሳቂያ አልሆንም» ስትል ከርማ፣ ትናንት ጤና ጣቢያ ስወስዳት ያለ ክርክር ከኋላዬ ተቀመጠች። ግማሽ ኩንታል ገብስ ስጭንበት የሚያቃስተው ሞተር፣ እሷን ይዞ ዳገቱን እንደ ዋዛ ወጣው።

የንስሐ አባቷም በዐቢይ ጾም ወተት እንድትጠጣ ፈቀዱላት። ቄስ የምትገሥጸው እህቴ እሺ ብላ ጠጣች። እንግዲህ በምን ልቀልድባት?

ሰላም ብላሃለች። ባትሪውን ሞልቼ መናኸሪያ እቀበልሃለሁ፤ ፋሲካን አትጠብቅ።

አጎትህ ይስማው