ታጥቦ የዳነው ፍሬን

ለተከበሩ የጤና መምሪያው ጋራዥ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ እንደምን ከርሟል? በቅርቡ ነጭ ቀለም ያስቀቡት የጋራዥዎ ወለልስ ደኅና ነው? እኔ ከዳገቱ ሥር ባለው ጤና ጣቢያ የማገለግል አዋላጅ ነርስ ስሆን፣ ከዳገቱ በላይ ምጥ የያዛቸውን እናቶች በአሮጌዋ ፒክአፓችን እያወረድኩ አዋልዳለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ያችኑ ፒክአፕ ይጠግኑልናል። ስለዚህ የሁለታችንም ሥራ የሰው ነፍስ ነው። ልዩነታችን እኔ ሥራዬን ስሠራ ወለሉ ቢቆሽሽ ብዙም የማልጨነቅ መሆኔ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያየው በግልጽ ለመጻፍ የበቃሁት፣ ሹፌራችን ከሰኞ ጀምሮ ከመሪው ተነሥቶ በምትኩ ሌላ ሰው እንዲመደብ እርስዎ በመወሰንዎ ነው። ሹፌራችን ከዝግታው የተነሣ አገር ምድሩ «ኤሊው» እያለ የሚጠራው ሰው ሲሆን፣ ጥፋቱም እግሩ ከባድ በመሆኑ ያለ ቦታው ፍሬን እየረገጠ ያቃጥላል የሚል ነው። ኤሊው ቢሄድ ፒክአፗ ግን ያችው ናት፤ ሕመሟም፣ ቁልቁለቱም፣ ከኋላ የሚተኙት እናቶችም እንደነበሩ ናቸው። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ/ ቁልቁለቱን ወርደን ስንጨርስ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትስባለች፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ የቀኙ የፊት ቸርኬ እጅ አያስነካም ብለን ባመለከትን ጊዜ፣ ውለው ሳያድሩ ወደ ጎሚስታ ስለላኩን አመሰግናለሁ። ጎሚስታው የቀኙን ጎማ ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛወረልን። በማግሥቱ መኪናዋ አሁንም ወደ ቀኝ ሳበች፤ ወደ ግራ የተዛወረው ጎማ ግን ሳይሞቅ በሰላም ወረደ። እኛ ከዚህ ጎማው ንጹሕ መሆኑን ስንረዳ፣ እርስዎ ግን ጎማዎቹ አዲሱን ቦታቸውን እስኪለምዱ ታገሡ አሉን። ታገሥን።

፪ኛ/ ቀጥሎ የፊት ፍሬን ሸራዎቹን ስለቀየሩልን አመሰግናለሁ። የቀኙ ሸራ እንደ ከሰል ጠቁሮ ሲወጣ ዕቃው ጥራት የለውም ብለው እንደገና ቀየሩ፤ እንደገና ጠቆረ። ከአንድ ካርቶን የወጣው የግራው ሸራ ስለ ምን እንዳልጠቆረ በትሕትና ብጠይቅዎ፣ ሲስተር፣ እርስዎ ወደ ሕፃናትዎ ይመለሱ አሉኝ። ተመልሻለሁ። ሕፃናቱም ሰላም ብለውዎታል።

፫ኛ/ ጎማውም ሸራውም ነጻ ከወጡ በኋላ ወንጀሉ የኤሊው እግር ላይ እንዲያርፍ ስላደረጉ ጥበብዎን አደንቃለሁ። ሆኖም በእኛ ፒክአፕ ውስጥ ያለው የፍሬን ፔዳል አንድ ብቻ ነው። በአንድ ፔዳል የግራውን ጎማ እየማረ የቀኙን ብቻ የሚያቃጥል ሹፌር ካለ፣ የሚገባው ሽልማት እንጂ ቅጣት አይመስለኝም።

፬ኛ/ አሁን ወደ ወለልዎ ልምጣ። ያልታጠበ መኪና ጋራዥዎ እንዳይገባ፣ ከታጠበም በኋላ ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ከዛፉ ጥላ ሥር እንዲቆም ደንብ አውጥተዋል። በዚህም መሠረት ፒክአፓችን በመጣች ቁጥር በቀዝቃዛ ውኃ ገላዋን ትታጠባለች፣ ጥላ ሥር ታርፋለች፣ ከዚያ በክሪክ ተነሥታ እርስዎ የቀኙን ጎማ በአንድ ጣት ገፋ ያደርጉታል። እንደ እንዝርት ይሾራል። ይኸው፣ ምንም የለበትም ይላሉ። እኛም ይዘናት እንመለሳለን፤ በማግሥቱ ያው ታጥቦ ጭቃ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በእኔ ሙያ ምጥ የሚመረመረው ሲመጣ ነው። ምጡ ፋታ በሰጣት ሰዓት እናቲቱን ያየ ሰው፣ ደኅና ናትና ወደ ቤቷ ትሂድ ሊል ይችላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለውም ለዚሁ ነው። የእኛ ፍሬን የሚይዘው ሲሞቅ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። እርስዎ ግን በደንብዎ መሠረት አቀዝቅዘው ይመረምሩታል።

፭ኛ/ ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ይዘን ስንወርድ፣ ኤሊው ፍሬን ቢረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ሰጠመ። ከጎማው ሙቀት የተነሣ የፍሬኑ ዘይት ፈልቶ ነበር። ማርሽ እየቀነሰ፣ ከመንገዱ ዳር ወዳለው የአሸዋ ክምር አስጠግቶ አቆማት። የከበደ እግሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከመኪናው ሲወርድ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር፣ አልደብቅም፤ ከኋላ የእናቲቱን እጅ ይዤ ከእርሷ የባሰ ያማጥኩት እኔ ነኝ።

ዘይቱ በረድ ብሎ ፔዳሉ ሲመለስ እየተንፏቀቅን ደረስን፤ እናቲቱም በሰላም ተገላገለች። ኤሊውም መኪናዋ ሳትታጠብና ሳታርፍ፣ በጤና ጣቢያው በር ላይ የኋላ ጎማዎቿን በድንጋይ አስደግፎ ፊቷን በክሪክ አነሣ። የግራው ጎማ ዞረ። የቀኙን እርሱና ዘበኛው ተጋግዘው ሊያዞሩት አልቻሉም። ከዚያ በፍሬኑ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ጥቂት ቢያላላት ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፣ ጎማውም ወዲያው ተለቀቀ። ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዝጎ ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ስለወጣ ብቻ ባልተለቀቀ ነበር። ጥፋቱ ከላይ ከፔዳሉ በኩል ቢሆን ደግሞ ግራውም በተያዘ ነበር። ስለዚህ ዘይቱን ወደ ቀኙ ፍሬን የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ከውስጥ አብጧል፤ ሲረገጥ ያስገባል፣ ሲለቀቅ ቶሎ አያስወጣም። ከውጭ ሲያዩት ግን ታጥቦ ያብለጨልጫል።

ኤሊው ብሎኗን አጥብቆ፣ ዘይት ሞልቶ፣ አየሩን አስወጥቶ ይህንኑ ሊነግርዎ መጣ። በእግሩ ክብደት ላይ ያለ ጋራዡ ፈቃድ ብሎን ፈትቷል የሚል ጥፋት ተጨምሮበት ከመሪው እንዲነሣ ስለተወሰነበት፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ለሚለው ተረት አዲስ ትርጉም ሰጥተውናል። በእርስዎ ዘንድ በሽታውን የተናገረም መድኃኒት አያገኝም።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከሰኞ በፊት ያ ቱቦ ይቀየርልን፤ ግራውም እድሜው እኩል ስለሆነ አብሮ ቢቀየር መልካም ነው። ኤሊውም ወደ መሪው ይመለስልን። እነዚያን እናቶች ከእርሱ በቀር በአደራ የምሰጠው ሰው የለኝም። ይህን ለማድረግ ወለሉ የሚቆሽሽ ከሆነ፣ ክብሬ ዝቅ ሳይልብኝ መወልወያ ይዤ መጥቼ እወለውላለሁ፤ ከዚያ የከፋ ወለል ስወለውል ነው የኖርኩት።

ጎማ በሚያቀዘቅዝ ውኃዎ፣ ሕመምን በሚያሳርፍ ጥላዎና በማይሳሳት ጣትዎ ዘወትር የምትደነቅ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ እጅ የምትነሳ፣

አዋላጅዋ

ማሳሰቢያ፦ ከዳገቱ በላይ ያገባችው ልጅዎ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ መቃረቡን እርስዎ ራስዎ በደስታ ለሰው ሁሉ ነግረዋልና እንኳን ደስ አለዎ። ከዚያ የምታወርዳት መኪና ፒክአፓችን ብቻ ናት። ምጧ ሲጀምር ለእርስዎም አስደውላለሁ። ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሼባት፣ ምጡ እስኪያልፍላት ጥላ ሥር አቁሜ፣ ከዚያ ምንም የለብሽም እንደማልላት ቃል እገባለሁ። እርስዎ ግን ከፊት፣ ከአዲሱ ሹፌር ጎን ይቀመጣሉ። በዚያ በኩል ወለሉ ላይ ፔዳል የለም። ቁልቁለቱ ሲጀምር የማን እግር ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ አብረን እናያለን።