በአግባቡ ለተቃጠለው ፖስታ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የንብረት አስተዳደርና ማስወገድ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ ደኅና እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ ሰው ጉሮሮው ደኅና ሳለ ድምፁን ሌላ ቦታ አስቀምጦ ለመሄድ አይገደድምና። ቤተሰብዎም፣ ካዝናዎም፣ ሦስቱ የኮሚቴ አባላትዎም በሰላም እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማን እንደሆንኩ ረስተውኝ ቢሆን አልቀየምዎትም። በመሥሪያ ቤትዎ የብልሽት ጥቆማ ስልክ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠው፣ ባልደረቦቹ «አቶ አቤት» የሚሉት ሰው የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ስሙ የወጣለት ስልኩን ሁልጊዜ «አቤት» ብሎ ስለሚያነሣ ነበር። ቧንቧ ፈንድቶ ጓዳው የተጥለቀለቀበትም፣ ሦስት ቀን ውኃ ጠፍቶባት ሕፃን የምታጥብበት ያጣችም፣ ለመሳደብ ተዘጋጅተው ይደውሉና ያንን «አቤት» ሲሰሙ ስድባቸው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ይህን የማነሣው ለመመጻደቅ አይደለም፤ መሥሪያ ቤትዎ ሃያ ሁለት ዓመት ሲገለገልበት የኖረው ድምፅ የማን እንደነበር ለማስታወስ ብቻ ነው።

በአደባባይ መጻፌንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ባለፈው ለብቻዎ ጽፌልዎ የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። ልከስዎ አልመጣሁም፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ነው። የመጣሁት ላመሰግንዎ ነው፤ ምስጋናዬም ብዙ ስለሆነ እንዳይደባለቅብዎ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሐኪሞች የአባቴን ማንቁርት እንደሚያወጡና ከዚያ ወዲያ እንደማይናገር በነገሩት ጊዜ ለቀዶ ጥገናው አሥራ አንድ የሥራ ቀን ቀርቶት ነበር። በእነዚያ ቀናት ሁሉ በምሳ ሰዓት የቢሮውን በር ዘግቶ፣ የመሥሪያ ቤቱን ማዳመጫ አጥልቆ፣ በመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ላይ ድምፁን ቀረጸልን፤ በቀን አንድ፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ ቅጂ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚያነጋግረን በደብተር ላይ እየጻፈ ነበርና፣ ለምን በገዛ ስልኩ እንዳልቀረጸው ስጠይቀው የጻፈልኝ ወረቀት ዛሬም ከእኔ ጋር አለ። «ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። የመሥሪያ ቤት ንብረት ግን ቁጥር አለው፤ የት ይሄዳል?» ይላል። አሁኑኑ አምጥተህ አሰማን ስለውም ሣቀ፤ ሣቁ ድምፅ አልነበረውም፤ «እኔ እያለሁላችሁ ድምፄ ምን ያደርግላችኋል» ብሎ ጻፈ። እኛም አመንነው። አንድ ዓመት ቆይቶ አረፈ።

ባረፈ በስድስተኛው ቀን ከማንም በፊት የደረሰን ደብዳቤ የእርስዎ ነበር፤ ማዳመጫ አንድ፣ የዝናብ ካፖርት አንድ፣ መታወቂያ አንድ እንድንመልስ የሚጠይቅ። ሦስቱንም ይዤ መጥቼ፣ በመሳቢያው ውስጥ የተቆለፈበትን ላፕቶፕ ለግማሽ ሰዓት ብቻ እንዲያስከፍቱልኝ ለመንኩዎ። ክሊራንሱ እስኪያልቅ ዕቃው እንደማይነካ፣ ሲያልቅ ግን ጉዳዩ እንደሚታይ ነገሩኝ። አራት ወር ጠበቅሁ። ትዕግሥትን ስላስተማሩኝ ሌላ ምስጋና ይድረስዎ።

ሁለተኛ፦ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። ክሊራንሱ ሲያልቅ ጉዳዩ አልታየም፤ ዕቃው ተሸጠ እንጂ። ከሠላሳ ስምንት አሮጌ ላፕቶፖች ጋር «ባለበት ሁኔታ» ለግልጽ ጨረታ መውጣቱን የነገረችኝ በአባቴ ወንበር የተተካችው ሠራተኛ ናት፤ እግዚአብሔር ይስጣት። በጨረታው አዳራሽ ውስጥ እንደ ጡብ ተደራርበው አገኘኋቸው። የእኛን የለየሁት ታናሽ ወንድሜ አራት ዓመት ሲሞላው ክዳኑ ላይ በለጠፈው፣ አንድ ጆሮው በተላጠ የዝሆን ምስል ነው። ተጫርቼ አሸንፌ፣ የአባቴን ድምፅ በደረሰኝ ተረክቤ፣ እንደ አራስ ልጅ ደረቴ ላይ ይዤ በአውቶቡስ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሳይከፍቱትና ሳያጠፉት መሸጥዎ በደንቡ ትልቅ ስሕተት እንደሆነ በኋላ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን መሥሪያ ቤትዎ ከሠራው ሁሉ እጅግ የወደድኩት ያንን ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። እናቴ ፊቷን ታጥባ፣ እንግዳ እንደሚመጣ ሰው ለብሳ ተቀመጠች። ወንድሜ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ ማሽኑን ከታች አየና አባዬ የሚወጣው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ። አበራሁት፤ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። በማግስቱ በሰፈራችን መንገድ ዳር ኮምፒውተር የሚጠግነው፣ ሁላችንም «ዶክተሬ» የምንለው ሰው ዘንድ ወሰድኩት። ሁለት ቀን ታግሎ የነገረኝ ይህን ነው፦ «እህቴ፣ ቁልፉ ኮምፒውተሩ ላይ አይደለም፣ ሃርድ ዲስኩ ራሱ ላይ ነው። አውጥቼ ሌላ ማሽን ላይ ብሰካው እዚያም ሄዶ ያኮርፋል። አጥፍቼ እንደ አዲስ ልስጥሽ ካልሽ ቀላል ነው፤ ግን ያኔ የምሰጥሽ ቆርቆሮ ነው።» ከዚያም የዝሆኑን የተላጠ ጆሮ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ሊያጣብቀው ሞከረና መለሰልኝ።

ወደ እርስዎ ዘንድ የተመለስኩት ያኔ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ወጣት የመሥሪያ ቤቱን ልማድ አስረዳኝ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ፣ በክዳኑ ላይ ፈርሞ ካዝና ያስገባል። ንብረት ጠባቂዋ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት እናት፣ ካዝናውን ከፍተው የአባቴን ፖስታ አውጥተው አሳዩኝ። ፊርማው ነበር፤ የመጨረሻዋን ፊደል እንደ ልማዱ ወደ ላይ ጎትቷታል። በእኔና በፖስታው መካከል የአንድ ክንድ ስፋት ያለው ባንኮኒ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። አልዘረጋሁም፤ በሥርዓት ያደግሁ ልጅ ነኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እርስዎም በመመሪያው መሠረት ፖስታው የሚከፈተው የፈረመው ሠራተኛ በአካል ሲቀርብ ብቻ መሆኑን ገለጹልኝ። የሞት ማስረጃውን አቀረብኩ። ፊቱንም ጀርባውንም መርምረው፣ ወረቀቱ ፈራሚው እንደማይመጣ ያረጋግጣል እንጂ ሌላ ሰው ይምጣለት እንደማይል አስረዱኝ። አምስት ዓመት ሕግ ተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ትርጓሜ ከየትኛውም መምህሬ አልሰማሁም። ከልብዎ ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር፤ ወደ በሩ እየሸኙኝ «በጽሑፍ አመልክቺ፣ እናየዋለን» አሉኝ።

አመለከትኩ። አባቴ ሁልጊዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጩኸት ሰምቼ ያወቅሁት ነገር ቢኖር ሰው የሚሰማው በለሰለሰ አንደበት ሲነግሩት ነው ይለን ነበር። ስለዚህ ሦስቱን ገጽ አንድ በአንድ አለሰለስኳቸው። በፍለጋ እንዳይደክሙም የፖስታውን ቁጥር፣ የተቀመጠበትን መደርደሪያና የታሸገበትን ቀን በጥንቃቄ ገልብጬ አሰፈርኩልዎ። ለእናቴ ሳነብላት «እንዲህ ተለምኖ እምቢ የሚል የሰው ልጅ የለም» አለች።

እውነቷን ነው፤ እምቢ አላሉም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የደረሰኝ መልስዎ፣ ማኅተሙ ሳይዛነፍ፣ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «በደብዳቤዎ እንደጠቆሙን፣ በሽያጭ ከተወገደው ንብረት ጋር መወገድ የነበረበት የምስጢር ፖስታ በስሕተት በካዝና ቀርቶ ተገኝቷል። ላደረጉልን ጥቆማ እያመሰገንን፣ ፖስታው በኮሚቴ ፊት፣ ሳይከፈት፣ በአግባቡ መቃጠሉን እናሳውቃለን።» ሦስት ፊርማ ያረፈበት ቃለ ጉባኤም ተያይዟል።

ክቡር ሆይ፣ አራተኛው ተራ ቁጥር እዚህ ላይ መምጣት ነበረበት። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ።

ያ ፖስታ ሁለት ዓመት ማንም ሳያስታውሰው ካዝናዎ ውስጥ በሰላም ተኝቶ ነበር። ባልጠይቅዎ ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበር። መደርደሪያውን ያሳየሁዎ እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ፤ ክብሪቱን ያቀበልኩዎ እኔ ነኝ፤ ያውም በለሰለሰ አንደበት። ንብረት ጠባቂዋ ደውለውልኝ ነበር። «ልጄ፣ እሳቱ እንኳ እምቢ ብሎ ነበር። ፖስታው ወፍራም ነው፤ ሁለቴ ነው የጫሩት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን በልቅሷቸው ምክንያት አልሰማሁትም። ቃለ ጉባኤው ስለ ሁለተኛው ክብሪት የሚለው ነገር የለም፤ መዝገብዎ እንዳይጎድል በዚህ አጋጣሚ ጠቁሜያለሁ፤ ጥቆማ እንደሚወዱ አውቃለሁና።

እናቴ «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ ተይው» ትለኛለች። ሃያ ሁለት ዓመት የሚፈስ ውኃ ሲያስቆም ለኖረ ሰው ሚስት እንግዳ ተረት ነው። እኔ አልተውኩትም። በየማለዳው ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ላፕቶፑን ከፍቼ ሦስት ቃል እሞክራለሁ፤ ሦስት ጊዜ ስሳሳት ማሽኑ በራሱ ይዘጋል። የእናቴን ስም ሞክሬያለሁ። በልጅነቴ ብቻ ይጠራኝ በነበረው ስም ሞክሬያለሁ፤ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አይደለም። የወንድሜን የልደት ቀን ከፊትም ከኋላም ጽፌዋለሁ። ዲስኩ ውስጥ የሆነ ነገር እየዞረ እርር ሲል ይሰማኛል፤ ከዚያ ዝም ይላል። አባቴ ብቻውን ሲሆን ምን ያስብ እንደነበር እንደማላውቅ በቀን ሦስት ጊዜ ይነገረኛል።

መልስዎ በደረሰን ዕለት ማታ ወንድሜ፣ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው፣ እራት እየበላ ቀና ብሎ የአባዬ ድምፅ ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን ብሎ ጠየቀ። እኔ «ወፍራም» አልኩ፤ እናቴም በዚያው ቅጽበት «ቀጭን» አለች። ተያየን። ልጁ ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየና ምግቡን ቀጠለ። ክቡር ሆይ፣ በኮሚቴ ፊት በአግባቡ የተቃጠለው ይህ ነው። የቃለ ጉባኤው ርዕስ «አንድ ፖስታ» ስለሚል ምናልባት ቁጥሩን ቢያርሙት።

ከእርስዎ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም። አደራ፣ ምንም አልጠየቅሁም። ስለ ፍጥነትዎ፣ ስለ ግልጽነትዎና ስለ ጥንቃቄዎ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ለዘለዓለም እንዲያነጋግሩዎ የሚፈልጓቸው ሰዎች ሁሉ ድምፃቸው እንዳይጠፋብዎ፣ ቢጠፋብዎም ማስቀመጫውን የሚያውቅ ደብዳቤ ጸሐፊ እንዳያጋጥምዎ እየተመኘሁ፣ ፊርማዬን እንደ አባቴ የመጨረሻዋን ፊደል ወደ ላይ ጎትቼ አኖራለሁ።

በማይለወጥ አክብሮት፣
የ«አቶ አቤት» ልጅ

ማስታወሻ፦ መልስዎ በደረሰኝ ማግስት ልጮኽብዎ በጥቆማው ስልክ ደውዬ ነበር። አባቴ እያለ ከቤታችን ማንም ወደዚያ ቁጥር ደውሎ አያውቅም፤ የምንደውለው በእጅ ስልኩ ነበር። መስመሩ ተይዞ ስለነበር የተቀረጸ መልእክት ገባ፤ ከዓመታት በፊት አስቀርጸውት ማንም መቀየሩን ያላስታወሰው። «ይቅርታ፣ ሠራተኞቻችን ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። ጥቂት ይታገሡን፤ አልረሳናችሁም» ይላል። ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ድምፁ ወፍራምም ቀጭንም አይደለም። ወንድሜን አስደመጥኩት፤ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ «እሺ አባዬ» አለ። ስለዚህ በየቀኑ እንደውላለን፤ ማንም እንዳያነሣብንም እንጸልያለን። በደንቡ መሠረት ይህም የተወገደ ሠራተኛ ቅሪት ስለሆነ ዛሬውኑ ኮሚቴ ሰብስበው እንደሚያጠፉት አልጠራጠርም። ያጥፉት። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት አራት ቦታ ገልብጬ ካስቀመጥኩት በኋላ ነው፤ አንዱ ዶክተሬ ዘንድ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ የት እንዳሉ ግን በጽሑፍ ቢያመለክቱ እናየዋለን።