በሽቦ ያጠብኩት ድንጋይ

ውድ እንቁ፣

ስልኬን ስለማታነሺ ይህን በጓደኛችን በወሰኑ እጅ ልኬልሻለሁ። ሳታነቢው አትቅደጂው፤ ካነበብሽ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ። እዚሁ ጅቡቲ፣ ሆዳን ሰፈር ካለው ከማዳም ውዳድ ቤት አንቺ እስካለሽበት እስከ ዋራበሌ በአውቶቡስ ሩቅ አይደለም፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ፊትሽን ለማየት አልደፈርኩም።

ያን መደርደሪያው ላይ የነበረውን ጥቁር ድንጋይ በሽቦ ፈትጌ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን አንቺ ማዕከላዊ ገበያ ሄደሽ ነበር። ሳሎኑ ያንቺ ሥራ ቢሆንም ሙቀቱ ጠንቶብሽ ስለሰነበትሽ ላግዝሽ ብዬ ገባሁ። ድንጋዩ ላይ ቡናማ እድፍ አየሁና በረኪና አፈሰስኩበት፤ እስኪጠፋ ድረስ ፈተግኩት። እንዲያውም ስትመለሺ ታመሰግነኛለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር! ማዳም መጥታ ግን አንቺ ላይ ጮኸች። «እናቴ ትሙት፣ አልነካሁም» እያልሽ ዞር ብለሽ አየሽኝ። እኔ ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ።

ባለፈው ሐሙስ ማዳም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቿን ቤት ሰብስባ የዚያን ድንጋይ ፎቶ አሳየቻቸው። ሻይ እያቀረብኩ ሰማሁ፤ ፈረንሳይኛዬ ለዚህ አላነሰኝም። እድፍ ያልኩት ለካ ቅሪተ አካል ነበር፤ ድንጋይ ላይ ታትሞ የቀረ የበረሮ ቅድመ አያት ክንፍ። «ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት፣ ከዳይኖሰርም በፊት» አለች፣ የክንፉን ጅማቶች በጣቷ እየተከተለች። እኔና አንቺ በጫማ ስናሳድደው የኖርነው በረሮ እንዲህ ያለ የዘር ሐረግ አለው ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ከዚያ አንዷ ተማሪ «ድንጋዩ አሁን የት አለ?» አለቻት።

«አንዲት ሠራተኛ አበላሸችው። እንቁ የምትባል።»

ክንፉን ያጠፋሁት ሳላውቅ ነው። ያንቺን ስም ግን እያወቅኩ ነው ያጠፋሁት፤ ይኸው አሁንም እንግዳ ፊት ይነሳል።

ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። አልጮኸችም። «ዕቃሽን ሰብስቢ» አለችኝ። በሩ ጋ ስደርስ ጠርታ ቁጥርሽን ጠየቀችኝ። «እኔም ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለኝ» አለች።

ይህን የምጽፍልሽ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነው። እኔን ይቅር በይኝ ብዬ አላስቸግርሽም። በማታውቂው ቁጥር ከተደወለልሽ ግን፣ እንቁዬ፣ አንሺው። እኔ አይደለሁም፤ ማዳም ናት።

መነን