ዳማ የፈሰከበት ሳምንት

ሰኞ፣ ማዕዶት

እንደገና አስመለሰው። ከጠዋት ጀምሮ ይህ አራተኛው ነው። መጀመሪያ ያልታኘከ ጮማ ወጣ፣ ቀጥሎ አረፋ፣ አሁን ቢጫ ውሃ ብቻ። ግድግዳው ሥር ጀርባውን አጉብጦ ቆሟል። መተኛትም አቅቶታል፣ መሄድም አቅቶታል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልዋሽም። ዳማ የአባቴ ውሻ ነው። አባባ ለፋሲካ ቀየት ከተማ ያለችው እህቴ ቤት ሲሄዱ ሚኒባሱ ውሻ አልጭንም ስላለ ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። አደራ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አስካለ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ከእኛው ጋር የጾመ ሆድ ነው። ስትፈስኪ ቀስ እያልሽ አስለምጂው።» እውነታቸውን ነው። ሥጋ በማይገባበት ቤት ለውሻ አጥንት ከየት ይመጣል? ሁዳዴን ሙሉ የበላው የቂጣ ፍርፋሪና የሽሮ ድስት ጥራጊ ነው።

ትናንት ግን በጉ ሲገፈፍ ዓይን ዓይኔን እያየ አንጀቴን በላው። ከላቱ ግማሹን ቆርጬ ሰጠሁት፤ ሁለት እጅ የሚሞላ ጮማ። አጥንትም ጨመርኩለት። «አንተም ፈስክ እንጂ!» እያልኩ ቆሜ ስስቅ ነበር። ሳያኝክ ነው የዋጠው።

ከሰዓት አባባ ደወሉ። ሌላ ጊዜ ዳማ ድምፃቸውን በስልክ ሲሰማ እየጮኸ አላነጋግር ይለኛል፣ እኔም እቆጣዋለሁ። ዛሬ ጆሮውን ብቻ ቀጥ አደረገ።

«ዳማስ?» አሉኝ።

«ደህና ነው አባባ፣ ጠግቧል።»

ጠግቧል! አፌን በቆረጠው።

ማክሰኞ፣ ቶማስ

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጥፋት።

ጠዋት ተቅማጡ ውስጥ ነጭ ነገር አየሁ። ኮሶ ታይቶበት ነው ብዬ ደመደምኩ። (ጮማው ነበር። አሁን ገባኝ።) አባባ ለራሳቸው ያስቀመጡትን የኮሶ ዱቄት ከመደርደሪያ አወረድኩ፣ በውሃ በጠበጥኩ፣ መንጋጋውን ከፍቼ ጉሮሮው ውስጥ አፈሰስኩት። ፊቱን አዞረ እንጂ አልነከሰኝም። ቢነክሰኝ ኖሮ እተወው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እግሮቹ ከዱት። በአሮጌ ባና ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የለበሰውን ነጭ ጋውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሆዱን ሲጫነው ዳማ አቃሰተ።

«ምን በላ እትዬ አስካለ?»

«ላት።»

«ምን ያህል?»

አንድ መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት። አንድ!

«ሌላ የሰጡት ነገር አለ? መድኃኒት፣ ምናምን?»

«ምንም።»

ለምን ዋሸሁ? በሰፋሁት ጋውን ውስጥ ቆሞ «ኮሶ? ለውሻ?» እንዳይለኝ። ይህን ያህል ነው ምክንያቱ።

ቆሽቱ ተቆጥቷል አለ። ቆሽቴን አሳረርከው ስል ነው የኖርኩት፤ የሰው ውሻ ቆሽት በእውነት አሳርሬ አረፍኩት። መርፌ ወጋው፣ ግሉኮስ ሰጠው። እስከ ነገ ምንም እንዳይበላ፣ ይጹም አለ።

«በሃምሳው ጾም የለም እኮ» አልኩት።

እሱ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ረቡዕ፣ አልዓዛር

ያስመለሰው፦ ሁለት ጊዜ።
ውሃ፦ ለልጆች ተቅማጥ የሚሰጠውን ለምለም በጥብጬ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ ጠብ ጠብ እያደረግኩ። ግማሹ በአፉ ጎን ወጣ።
ተቅማጥ፦ ደም አለበት።

ዕለቱ የተሰየመው ከመቃብር በተነሣው ሰው ነው። የእኔው ግን ከባናው ላይ አልተነሣም።

ለሠርግ የታዘዙኝ የሚዜ ቀሚሶች ለቅዳሜ መድረስ አለባቸው፤ አራቱ ገና አልተዘመዘሙም። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ፣ በየደቂቃው ዘወር እያልኩ የጎድኑን ከፍ ዝቅ ማለት አያለሁ። አንድ ክንድ ስፌት ጠምሞብኝ ፈታሁት።

አባባ ደወሉ። «አጠገብሽ ነው?» አሉኝ። ተኝቷል አልኩ። «እሺ፣ ይተኛ» አሉ።

ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ዳማ ነው። ፊት ፊት ይሄዳል፣ ድንጋይ ያለበት ቦታ ሲደርስ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፣ ደጀ ሰላሙ ጋ ተኝቶ እስኪወጡ ይቆያል። እኔስ? ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ አድርሻቸዋለሁ። ሥራ በዛብኝ እያልኩ። ይህ ውሻ ቢሞት እኔ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ሐሙስ፣ አዳም ሐሙስ

ነገርኩት።

ደሙ ጨመረ፣ ድዱም ነጣ። ክሊኒክ እንደደረስኩ ሐኪሙ ሰላም ሳይለኝ «ኮሶ ሰጥቼዋለሁ» አልኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ወደ እናንተ ሳልመጣ።»

«እኔ ቆሽቱን ሳክም አንጀቱን ኮሶ ሲልጠው ነበራ! ያን ቀን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ላቱም አንድ መዳፍ እንዳልነበር ነገርኩት። መድኃኒቱን ቀየረው፣ ሌላ ግሉኮስ ሰቀለ። «ዛሬን ከዋለ ተስፋ አለው» አለ። ስመለስ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ እያለቀስኩ መጣሁ።

ዓርብ፣ ቤተ ክርስቲያን

ውሏል፣ አድሯል።

አላስመለሰውም። የገብስ አጥሚት ሦስት ማንኪያ ላሰ። ሦስት! አንድ ሁለት ሦስት ብዬ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።

ደወል ሲደወል ሊነሣ ሞከረ፤ የመሄጃ ሰዓቱ መስሎት ነው። የፊት እግሮቹ ቆሙ፣ የኋላዎቹ እምቢ አሉት። ራሱን እጄ ላይ ጣለው። እንዲህ ያደረገችህን ሴትዮ ታምናለህ አንተ? አልኩት።

ቅዳሜ

ቀሚሶቹ ሄዱ። ዳማ ግማሽ ሲኒ አጥሚት በላ፣ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

ነገ አባባ ይመጣሉ። ሐኪሙ አይነግራቸውም፣ ውሻው አይናገር። ትንሽ ሆዱን አሞት ነበር ብል ያልፋል። የኮሶውን ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ መለስኩት፣ አወረድኩት፣ እንደገና መለስኩት። የጎደለው ይታወቃል? በዓይናቸው አይታወቅም። ይህን ማሰቤ ራሱ አስጠላኝ።

እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ

አባባ መጡ።

ዳማ ድምፃቸውን ሲሰማ ተነሥቶ እየተንገዳገደ ሄደና ጉልበታቸው ላይ ራሱን አስደገፈ። አባባ ጎንበስ ብለው ጎድኑን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱት። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ከዚያ ከፌስታላቸው ቋጠሮ አውጥተው ሰጡኝ።

«በሶ ነው። ለእሱ ነው ያመጣሁት። ቀጠን አድርገሽ በጥብጪለት፣ ለታመመ ሆድ ይስማማል።»

«ማን ነገረዎት አባባ?»

«ማን ይነግረኛል? ሰኞ ስደውል አልጮኸም። ረቡዕም አልጮኸም። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ ሰነበትኩ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ላቱን፣ ሳቄን፣ ኮሶውን፣ ዘርግቼ ያሳየሁትን አንድ መዳፍ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። እጃቸው ግን ከዳማ ጀርባ ላይ አልተነሣም።

ከሰዓት ሊሳለሙ ሲነሡ ዳማም ተነሣ። «አንተ ቁጭ በል፣ እስክትበረታ የእሷ ተራ ነው» አሉት። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ወጣን። ድንጋይ ያለበት ቦታ ስንደርስ ቆሜ ጠበቅኳቸው። እስክንመለስ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።