ስለ ተሳለልን መስኮት ለክቡር ከንቲባችን

ለክቡር ከንቲባችን ለቫዲም ሳቬልየቪች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። ማታ ማታ በሰገነትዎ ላይ ሆነው የቮልጋን ወንዝ እያዩ ሻይ ሲጠጡ የሰፈሩ ሰው ስለሚያይዎት፣ ደህና መሆንዎን ሰምተን ደስ ብሎናል። እኛም ከብርሃን በቀር የጎደለብን የለም።

በመርከብ የሚመጡት እንግዶች ጥንታዊቷን ከተማችንን ሲጎበኙ ዓይናቸው እኛ ላይ አርፎ እንዳይከፋቸው፣ ያዘመመውን የእንጨት ቤታችንን ከጣሪያ እስከ መሠረቱ በሸራ አልብሰው፣ በሸራውም ላይ ያማረ ቤት ስላሳሉልን ከልብ እናመሰግናለን። ጣሪያው እንዲጠገን ለዓመታት ስንለምን ኖረን በአንድ ጠዋት አዲስ ጣሪያ አገኘን፤ ዝናቡ ግን ሥዕል መሆኑ ስለገባው እንደ ድሮው ይገባል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ እያሉ የሚያሙዎት ጎረቤቶች አሉ፤ እኔ አልሰማኋቸውም።

አንደኛ፦ የተሳሉት መስኮቶች ቀይ አበባና የተኛች ድመት ሳይቀር አላቸው። ችግሩ የእኛ መስኮቶች ከኋላቸው መቅረታቸው ነው። እናቴ ግላፊራ ኒካንድሮቭና አልጋ ከያዘች ቆይታለች። አባቴ በወንዙ ላይ በጀልባ እየዞረ የመርከብ መንገድ መብራቶችን ሲያበራ የኖረ ሰው ነበር፤ እሷም ከመስኮቱ ሆና መመለሱን ትጠብቅ ነበር። ዛሬ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ያንን ውሃ ማየት ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ገና አልነጋም እንዴ ትለኛለች፤ እኔም ደመና ነው እላታለሁ። በጋችን፣ ሰኔም ሐምሌም፣ ደመና ሆኖ አለፈ።

ሁለተኛ፦ የአንድ መስኮት ያህል ብቻ ይቀደድልኝ ብዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ሸራው የሕዝብ ንብረት መሆኑን፣ ጥቅምት ላይ መርከቦቹ ሲያቆሙ እንደሚነሳም ጸሐፊዎ በትሕትና አስረድታኛለች። ሐኪሙ ግን ጥቅምትን ለእናቴ ቃል አልገባላትም።

ሦስተኛ፦ ማክሰኞ ዕለት ጎረቤታችን ዬፊምና እኔ እናቴን ውሃውን ትይ ብለን በወንበር ተሸክመን ወደ ወደቡ ወረድን። መርከብ ቆሞ ስለነበር ጥበቃው ወንዙ ዳር ለእንግዶች ብቻ ነው አለን። ዬፊም "አንተ ሳትወለድ ከወንዙ ጋር የተዋወቀች ናት" ቢለው፣ ጥበቃው ልጅ አፍሮ ወደቡን ከከለለው ገመድ ወዲህ እንድንቆም ፈቀደልን። ከዚያም ቢሆን ነጩ መርከብ ውሃውን ጋርዶታል። እናቴ ተስፋ ቆርጣ ፊቷን ወደ መንገዳችን መለሰች። የእንግዶቹ አስጎብኚ በጃንጥላዋ ቤታችንን ታመለክት፣ እንግዶቹም ፎቶ ያነሱ ነበር።

"ይሄ ቤት የማን ነው፣ ሪማ?" አለችኝ እናቴ። "መስኮቱ ወንዙን ያያል። የሚኖሩበት ሰዎች የታደሉ ናቸው።"

ዬፊም ፊቱን አዞረ። እኔም "አዎ እማ፣ የታደሉ ናቸው" አልኳት።

ክቡር ሆይ፣ ሙሽራ ሆና የገባችበትን ቤት አላወቀችውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ንዴቴ አላስተኛ ብሎኛል፤ ጨዋነቴም እያለቀብኝ ነው። የምለምንዎ አንድ መስኮት ነው፤ እሱንም በዚህ ሳምንት።

እንግዳ ከደጅዎ አይጥፋ፣ ከተማችንም በእርስዎ ዘመን በሥዕል እንዳማረች ትኑር እያልሁ፣ ከሸራው በስተጀርባ ሆኜ እጅ የምነሳ ታዛዥዎ፣

ሪማ ፕሮሆሮቭና

ማሳሰቢያ፦ ለልቅሶ የመጡ እንደሆነ የተሳለው በር አይከፈትም፤ በጓሮ በኩል ይግቡ።