ከጣሪያዬ ስለ ወረዱት አሥራ ሁለት የበቆሎ ዛላዎች

ለተከበሩ የዘር ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ፤

እስክሪብቶውን የያዘችው ምራቴ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የገበሬው ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ፣ ድፍረት ካገኙበት እሷን አይቀየሙ፣ የእኔ ነው። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ወንበርዎ፣ ማኅተምዎ፣ በር ላይ «ነገ ይምጡ» የሚሉት ዘበኛዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ጉልበቴ ከድቶኛል፤ እርስዎ ደጅ ሦስት ጊዜ ለመቆም ግን አላነሰኝም።

አምና ጎረቤቴ ሳይንቲስቶች ባሕርዩን የለወጡትን፣ ትል የማይደፍረውን ልውጥ በቆሎ ዘራ። እውነትም ትል አልነካለትም፤ አልዋሽም። ነገር ግን ነፋሱ የአበባውን ብናኝ ወደ እኔ ማሳ አመጣውና በነጩ በቆሎዬ መካከል ቢጫ ቢጫ ፍሬ ብቅ አለ። ምስጋናዬ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ተቆጣጣሪዎ ቤቴ ገብቶ፣ ለዘር መርጬ ከምድጃው ጭስ በላይ የሰቀልኳቸውን ዛላዎች አንጋጦ እያየ «እነዚህንማ አለቆቼም ማየት አለባቸው» ስላለኝ አመሰግናለሁ። እኛ ቤት ዘር ያደነቀ እንግዳ ዘር ተሰጥቶት ነው የሚሄደው። እኔም ኩራት ኩራት ብሎኝ፣ በዚህ ጉልበቴ መሰላል ወጥቼ፣ አሥራ ሁለቱንም ፈትቼ ሰጠሁት፤ ባቀረበልኝ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አተምኩ፤ መርቄም ሸኘሁት። ምራቴ ከገበያ ተመልሳ ስታነብልኝ «ያለ ፈቃድ የያዝኩትን ልውጥ ዘር አስረክቤአለሁ» ይላል።

ሁለተኛ፣ በዘሬ ውስጥ ልውጡን የሚሸጠው ኩባንያ ምልክት ስለተገኘ ዘሩ የኩባንያው ነው ብለው ስለወሰኑልኝ። ያን ዘር ሟች ባለቤቴ ሙሽራ ሆና ስትመጣ በመሀረብ ቋጥራ ያመጣችው ነው፤ ከእሷ እጅ የቀረኝም እሱ ብቻ ነው። ጥፋተኛው ነፋሱ ስለሆነ እሱንም ጠርተው አውራ ጣቱን ያሳትሙልኝ።

እዚህ ላይ ምራቴ «አባባ፣ ይሄ ይቅርብን፣ ይቀየሙናል» አለች። ጻፊው አልኳት። ከዚህ ወዲያ ምን ይወስዳሉ?

ሦስተኛ፣ በምትኩ ልውጡን ዘር ውሰድ፣ ብቻ ለከርሞ አንዲት ፍሬ እንዳታስቀር ብለው ስላሰቡልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስቀር የኖርኩ ሰው፣ በስተርጅና እንዴት እንደማላስቀር የሚያስተምረኝ ሰው ቢልኩልኝ ደግ ነበር።

ደመናው ከብዷል፤ ማሳዬን ሁለት ጊዜ አርሼዋለሁ፤ የምዘራው ግን የለኝም። የማደርገውንም አጣሁ።

ፊርማ የለኝምና፣ መሥሪያ ቤትዎ አሳምሮ የሚያውቃትን አውራ ጣቴን ከታች አትሜ፣ ከታረሰው ባዶ ማሳዬ ዳር እጅ እነሣለሁ።

ማስታወሻ፦ ከአሥራ ሁለቱ ትንሿን ዛላ ጫፏን ትል በልቷታል። የእናንተን ትል አይነካውም ብላችኋልና እሷ እንኳ የእኔ ትሆናለች። ዝናቡ ሳይቀድመን እሷን ብቻ መልሱልኝ።

በይ ልጄ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። ያኛውንም ወረቀት ሳላስነብብ ነው ያተምኩት።