ሐዲዱ ላይ ያገኘሁት ሰም

ወርቅውሃ እህቴ፣

አንቺ ከቅርቧ መንደር ከወለቃ ወዲያ ሄደሽ የማታውቂ ጸሎተኛ ነሽ፤ እኔ ከስዊዘርላንድ የአሻንጉሊት ባቡር ተሸክሜ የመጣሁ ዋዘኛ አሮጊት ነኝ።

ባቡሩ ለምን እንደቆመ ዛሬ ደረስሁበት። ኤሌክትሪኩ እስከ ሐዲዱ ይመጣል፤ ወደ መንኮራኩሩ ግን አያልፍም። ሐዲዱን በጥፍሬ ብፍቀው የጧፍሽ ሰም ሆኖ ተገኘ፤ የተንጠባጠበ ሳይሆን ዙሪያውን የተቀባ።

«እትዬ፣ እጅሽ ደክሟል፤ ምነው ብትተይው?» ስትይኝ፣ ባቡሩን ያቆመው የእጄ ስህተት መስሎኝ ወር ሙሉ አምኜሽ ነበር።

ድምፁ ጸሎትሽን ረብሾ ከሆነ ይቅርታ፤ ብትነግሪኝ አቆመው ነበር።

ሰሙን አግኝቼዋለሁ፤ ወርቁን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሐዲዱን በአልኮል ስለወለወልሁት ባቡሩ ሲዞር ታገኚዋለሽ፤ ሲበቃሽ ሶኬቱን ንቀይ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ደውዬ አስታውቄያለሁ፦ ከዛሬ ጀምሮ አይከል ከተማ፣ ከልጄ ከፅዮን ጋር እኖራለሁ፤ እጄም አልደከመም።

ጽጌሬዳ